ፀሐይ የበላው ኮፈን

ደብረ ታቦር ላይ ዕድሜ የጠገበ ኮሮላ ሲታይ ብዙ ጊዜ በሮቹ ደህና ናቸው፤ የነጣው ኮፈኑና ጣሪያው ነው። ባለቤቱ አቧራ መስሎት ቢያጥበው አይለቅም። ውኃ ሲነካው ጠቆር ይላል፤ ሲደርቅ ተመልሶ አመድ ይመስላል። ይህ እድፍ ሳይሆን በፀሐይ የተሰባበረ ቀለም ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አጠገቧ ያለው የጉና ተራራ ደግሞ ከ4100 ሜትር ያልፋል። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። የደጋው ብርድ ያዘናጋል። ሰው ጋቢ ደርቦ በቆመበት ቀትር መኪናው ላይ የሚያርፈው ጨረር ከቆላው የበረታ ነው፤ ጨረሩ ከላይ ስለሚመጣም ቀድሞ የሚጎዳው ወደ ሰማይ የዞረው የመኪናው ክፍል ነው።

የፋብሪካ ቀለም አንድ ሽፋን ብቻ አይደለም። ቆርቆሮውን ከዝገት የሚጠብቅ መሠረት አለ፤ በእሱ ላይ ገጹን የሚያለሰልስ ሽፋን፣ ቀጥሎ መልክ የሚሰጠው ቀለም፣ ከሁሉም በላይ ቀለም የሌለው አንጸባራቂ መከላከያ ይመጣል። ሁሉም ተደምሮ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ቢሆን ነው። መከላከያው ብቻውን 40 ወይም 50 ማይክሮን ነው፤ ከራስ ፀጉር ይቀጥናል። ይህችን ቁጥር ባለመኪና ሁሉ በቃሉ ቢይዛት ደስ ይለኛል። ጭረት ታሽቶ ጠፋ የሚባለው ስለተሞላ አይደለም፤ በዙሪያው ያለው ሽፋን እስከ ጭረቱ ጥልቀት ስለተፋቀ ነው። በታሸ ቁጥር ሽፋኑ ይሳሳል፤ የሄደው አይመለስም። ስለዚህ ሥራው ሁልጊዜ የሚጀመረው ጉዳቱ አነስተኛ ከሆነው መንገድ ነው፦ መጀመሪያ ውኃና ሳሙና፣ እሱ ካልሠራ ቀላል ማሟሟያ፣ ወደ መፋቅ የሚገባው በመጨረሻ ነው።

መጠንቀቁ ለመልክ ብቻ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰቀለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ እጅ ላይ ያለው መኪና ገና ብዙ ዓመት መሥራት አለበት።

ከሁሉ በፊት ቀለሙ የፋብሪካ ይሁን የጋራዥ መለየት ያስፈልጋል። ባትላሜራ ቤት ገብቶ ስቱኮ ተለጥፎበት እንደገና የተቀባ መኪና ብዙ ነው። የፋብሪካው ቀለም በምድጃ ሙቀት የጠነከረ ስለሆነ ማሟሟያን ለጥቂት ጊዜ ይቋቋማል፤ በአየር የደረቀው የጋራዥ ቀለም ግን ቲነር ሲነካው ሊሟሟ ይችላል። በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በበሩ የውስጥ ጠርዝ ላይ፣ ነጭ ጨርቅ በጥቂት ፖሊሽ ነክሮ ማሸት ሌላም ነገር ይናገራል። ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ከላይ መከላከያ የለውም ማለት ነው። እንዲህ ያለው ቀለም ሲነጣ እንኳ ብዙ ጊዜ በፖሊሽ ይመለሳል።

ከወረታ በአለም በር በኩል ወደ ደብረ ታቦር ሽቅብ ሲወጣ፣ ወይም በጋሳይ ወደ ነፋስ መውጫ ሲታለፍ፣ መንገድ እየተጠገነ ከሆነ ፓራፋንጎው ሥር የሬንጅ ነጠብጣብ ይጋገራል። በጥፍር ወይም በቢላ መፋቅ ቀለሙን ይዞ ይሄዳል። ለስላሳ ጨርቅ በነጭ ጋዝ ነክሮ ነጠብጣቡ ላይ ለጥቂት ደቂቃ ማኖር፣ ሲላላ ሳይጫኑ ማንሳት፣ ወዲያው በሳሙና ውኃ ማጠብ ይበቃል። እሳትና ሲጋራ አጠገቡ መድረስ የለባቸውም። ለባሕር ዛፍ ሙጫ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው አልኮል ይሻላል። የወፍ ኩስ ግን ቀጠሮ አይሰጥም። አሲድ አለው፤ ፀሐይ ካሞቀው ቀለሙን በልቶ ቅርጹን ትቶ ይሄዳል። የረጠበ ጨርቅ ጣል አድርጎ ማራስ፣ ከዚያ ማንሳት ነው። የጉድጓድ ውኃ ደርቆ የሚተወውን ነጭ ክብ በውኃ የቀጠነ ኮምጣጤ ያነሳዋል፤ ቶሎ መታጠብ አለበት።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ቀለም የሚጨርሰው ግን ማንም የማይጠረጥረው ነው። በመናኸሪያ ማለዳ ማለዳ ረዳቱ ሚኒባሱን በደረቅ ጨርቅ ይወለውላል፤ ንጽሕና ነውና ባለቤቱም ይደሰታል። የኮረኮንቹ አቧራ ግን የተፈጨ ድንጋይ ነው። ጨርቁ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ደቃቁ ድንጋይ ቀለሙን ይጭራል፤ ፀሐይ ፊት ሲቆም ኮፈኑ ላይ የሚታየው የክብ ክብ ጭረት መነሻው ይህ ነው። ላቫጆም ቢሆን አንዱ ስፖንጅ ከአንዱ መኪና ጎማ ወደ ሌላው ጣሪያ የሚዞር ከሆነ ያው ነው። መፍትሔው ርካሽ ነው፦ አስቀድሞ ብዙ ውኃ አፍስሶ አቧራውን ማውረድ፣ ሁለት ባልዲ መያዝ፣ በአንዱ ሳሙና በሌላው ጨርቁን ማለቅለቅ፣ ከጣሪያው ጀምሮ ወደ ታች መውረድ።

ታጥቦ የቀረው ጭረት በጥፍር ይፈተሻል። ጥፍር ከያዘው ጥልቅ ነው፤ በፖሊሽ አይጠፋም። ካልያዘው መኪናውን ጥላ ውስጥ አቁሞ፣ ቆርቆሮው ሲቀዘቅዝ፣ ትንሽ ኮምፓውንድ በለስላሳ ጨርቅ ይዞ ከአንድ ክንድ ካሬ ያልበለጠ ቦታ ላይ ማሸት ነው። በጠርዞች ላይ ቀለሙ ስስ ስለሆነ በማስክ ቴፕ ሸፍኖ መተው ይበጃል። የጥርስ ሳሙናም ፈቅፋቂ ነገር አለው፤ ለትንሽ ጭረት ይረዳል፤ ለሙሉ ኮፈን ግን ድካም ብቻ ነው። መከላከያው እንደ ቅርፊት የተነሳ ከሆነ ደግሞ ማሸቱ ያባብሰዋል እንጂ አያድነውም፤ እሱ ተፍቆ እንደገና መቀባት አለበት።

ታሽቶ የጸዳ ቀለም ሰም ይፈልጋል። ኢትዮጵያ በንብ ሰም ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናትና ብዙ ሰው ከቤት ያለውን ሰም በነጭ ጋዝ አቅልጦ ቢቀባ አያስገርምም። ያበራል፤ ውኃም ይገፋል። ችግሩ የንብ ሰም 62 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ መቅለጥ መጀመሩ ነው፤ ጥቁር ኮፈን ቀትር ላይ ወደዚያ ይጠጋል፤ የላላ ሰም ደግሞ አቧራ ይዞ ይቀራል። የመኪና ሰም የሚሠሩ ፋብሪካዎች ካርናውባ የሚባለውን የብራዚል ዘንባባ ሰም የሚጨምሩት እስከ 82 ዲግሪ ስለሚጸና ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ካለ የተዘጋጀውን መግዛት፣ ከሌለም የቤቱን ሰም ከመቀባት መኪናውን ጥላ ውስጥ ማቆም እመርጣለሁ።

ለዚህ ሥራ ጥሩው ወር ጥቅምት ነው። ዝናቡ አባርቷል፣ የበጋው አቧራ ገና አልተነሳም። ሰሙ በጥቂት ወራት ስለሚያልቅ የክረምቱ ጭቃ ሳይደርስ በግንቦት መደገም ይኖርበታል።