«ራጅ ይታዘዝልኝ» ከማለትዎ በፊት

አሜሪካ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ይህን ዜና በስልክ ሳይሰማ አይቀርም፦ «ነርስ ፕራክቲሽነር ለመሆን ትምህርት ጀመርኩ።» በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከሚኖሩ ወገኖቻችን በርካታዎቹ የሚተዳደሩት በነርስነት ሙያ ነው። እኛም «እንኳን ደስ አለሽ! በርቺ!» እንላለን፤ ምን እንደምትማር ግን ብዙ ጊዜ አንጠይቅም።

ነርስ ፕራክቲሽነር ሐኪም የሚያዘውን የምትፈጽም ብቻ አይደለችም። በሽተኛ ትመረምራለች፣ በሽታውን ትለያለች፣ መድኃኒት ታዝዛለች፤ ራጅ፣ አልትራሳውንድ፣ ሲቲ ስካንና ኤምአርአይም ታዝዛለች። ከዚህ ሁሉ ዛሬ የምናነሳው የመጨረሻውን ነው። የምስል ምርመራ ማዘዝን እንዴት እንደሚማሩ ማወቅ፣ እዚህ ልጆቻችንን ይዘን ክሊኒክ ለምንሄድ ወላጆችም ይጠቅመናልና።

ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም

ሙያው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። ሎሬታ ፎርድ የተባሉ ነርስና ሄንሪ ሲልቨር የተባሉ የሕፃናት ሐኪም ሐኪም እንደ ልብ ለማያገኙ ሕፃናት የሚደርሱ ነርሶችን ማሠልጠን ጀመሩ። ዛሬ በአሜሪካ ከ400 ሺህ በላይ ነርስ ፕራክቲሽነሮች አሉ። በአንዳንዱ ግዛት ራሳቸውን ችለው ይሠራሉ፤ በሌላው ደግሞ ሕጉ ከሐኪም ጋር በስምምነት እንዲሠሩ ያስገድዳል።

እኛም አገር የተለየ ስም ያለው ተመሳሳይ ሐሳብ ነበር። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ተቋቁሞ ጤና መኮንኖችን ማሠልጠን ሲጀምር፣ ከኮሎራዶው 11 ዓመት ይቀድም ነበር። ጤና መኮንንና ነርስ ፕራክቲሽነር አንድ ሙያ አይደሉም። መነሻቸው ግን አንድ ነው፤ ሐኪም በማይበቃበት ቦታ በሚገባ የሠለጠነ ሌላ ባለሙያ ሕዝቡን ያክም።

ሥልጠናው

ነርስ ፕራክቲሽነር ለመሆን መጀመሪያ ፈቃድ ያላት ነርስ መሆን ይጠበቅባታል። ከዚያ የማስተርስ ወይም የዶክትሬት ትምህርት ይከተላል። የትምህርቱ ምሰሶዎች ሦስት ናቸው፤ በሽታ በሰውነት ላይ የሚያደርሰው ለውጥ፣ የአካል ምርመራና የመድኃኒት ሳይንስ። በዚህ ላይ በባለሙያ ክትትል በሽተኛ የምታይበት ጊዜ ይጨመራል። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የአገሪቱ መመዘኛ ይህ ጊዜ ቢያንስ 750 ሰዓት እንዲሆን ይጠይቃል።

የምስል ምርመራ በብዙ ትምህርት ቤቶች ራሱን የቻለ ትልቅ ኮርስ ሳይሆን በሌሎቹ ውስጥ ተበታትኖ የሚሰጥ ነው። ስለዚህ ብዙዎቹ ከተመረቁ በኋላ በተጨማሪ ሥልጠናና በሥራ ላይ ያዳብሩታል። ታዲያ ትልቁ ነገር ፊልሙን ማንበብ ይመስልዎታል? ከማንበብ በፊት የሚመጣ ሌላ ነገር አለ።

ማዘዣው ጥያቄ ነው

የራጅ ማዘዣ ወረቀት ምስሉን ለሚያነበው ራዲዮሎጂስት የሚላክ ጥያቄ ነው። ሁለት ማዘዣዎችን እናወዳድር። አንዱ «ሳል» ይላል። ሌላው «ሦስት ሳምንት የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ፤ ቲቢ ይሆን?» ይላል። ማሽኑ አንድ ነው፣ ደረቱም አንድ ነው። ሁለተኛውን ያነበበ ራዲዮሎጂስት ግን ምን እንደሚፈለግ ያውቃል።

የዚያ ጥያቄ ጥሬ ዕቃ የሚገኘው ከእርስዎ አፍ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው አባባል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል። መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደሚያብሰው፣ ከዚህ በፊት ምን ምርመራ እንደተደረገ አሟልተው ይንገሩ።

መተውም ትምህርት ነው

ቁርጭምጭሚትዎ ወለም አለ እንበል። ወደ ወጌሻ ልሂድ ወይስ ራጅ ልነሳ እያሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በካናዳ ኦታዋ የሚሠሩ ሐኪሞች ለዚህ ቀላል መመሪያ አወጡ። ቁርጭምጭሚቱ አካባቢ የሚያም ከሆነ፣ መርማሪዋ በግራና በቀኝ ጎልተው የሚታዩትን አጥንቶች ጫፍና የኋላ ጠርዝ በጣቷ ትጫናለች። አጥንቱ ሲነካ የሚያም ከሆነ፣ ወይም ሰውየው በተጎዳበት ጊዜም ሆነ በምርመራው ሰዓት አራት እርምጃ መራመድ ካልቻለ ራጅ ይታዘዛል። ሁለቱም ከሌሉ ስብራት የመኖሩ ዕድል እጅግ አነስተኛ ነው።

ስለ ወገብ ሕመምም ተመሳሳይ ትምህርት አለ። የእግር መዛል፣ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል፣ ትኩሳት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ፣ ቀደም ሲል የነበረ ካንሰር ወይም ከባድ አደጋ ከሌለ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት ምስል ማንሳት ብዙም አይጠቅምም። አብዛኛው የወገብ ሕመም በዚያ ጊዜ ውስጥ ይሻሻላል። የአሜሪካ ራዲዮሎጂስቶች ኮሌጅ ለየትኛው ሕመም የትኛው ምስል እንደሚገባ የሚያመለክት መመሪያ ማዘጋጀት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፣ ነርስ ፕራክቲሽነሮችም ይህን መመሪያ መጠቀም ይማራሉ።

መተው የሌለበትም አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ነፍሰ ጡር እናት ከ24ኛው ሳምንት በፊት ቢያንስ አንድ ጊዜ አልትራሳውንድ እንድትነሳ ይመክራል። አልትራሳውንድ የሚሠራው በድምፅ ሞገድ ስለሆነ እንደ ራጅ ያለ ጨረር የለውም። ኤምአርአይም እንዲሁ።

የእናት ቃል ሲመዘን

ልጅዎ ከአልጋ ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ እንበል። የማንኛችንም የመጀመሪያ ሐሳብ «ሲቲ ስካን ይነሳልኝ» ነው። ጭንቀቱ ትክክል ነው። ነገር ግን የሲቲ ስካን ጨረር ከራጅ ይበልጣል። የአንድ የደረት ራጅ ጨረር ከአፈር፣ ከአየርና ከሕዋ በተፈጥሮ በአሥር ቀን ገደማ ከሚደርሰን ጋር ይመጣጠናል። የጭንቅላት ሲቲ ስካን ጨረር ከግማሽ ዓመት በላይ፣ የሆድ ደግሞ ከሁለት ዓመት በላይ ከሚደርሰን ጋር ይነጻጸራል። የአንዱ ምርመራ ጉዳት ትንሽ ነው፤ ሲያስፈልግ ሕይወት ያድናል። ያለ ምክንያት ሲደጋገም ግን፣ በተለይ በማደግ ላይ ባለ ልጅ ላይ፣ ጥያቄ ያስነሳል።

እ.ኤ.አ. በ2009 ከ42 ሺህ በላይ ሕፃናትና ልጆች የተካተቱበት ጥናት የትኛው ልጅ ሲቲ ስካን እንደማያስፈልገው የሚለይ መመሪያ አስገኘ። ከሁለት ዓመት በታች ላሉት ከሚመዘኑት ነጥቦች አንዱ «ወላጅ ሲያየው ልጁ እንደ ወትሮው አይደለም» የሚል ነው። የእናት ወይም የአባት ምስክርነት ከምልክቶቹ እኩል ተቆጥሮ ገባ ማለት ነው! ስለዚህ «ዓይኑ ልክ አይደለም፣ አጨዋወቱ ተለወጠብኝ» ለማለት አይፈሩ። አንዳንድ ጊዜም ከማሽኑ በፊት ልጁን ለጥቂት ሰዓት በጤና ተቋም ውስጥ መከታተል በቂ ይሆናል።

ልጁ ራሱን ከሳተ፣ ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ካንቀጠቀጠው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው ወይም ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ደም ወይም ውሃ መሳይ ፈሳሽ ከወጣ ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

ፊልሙ ሲነበብ

ተማሪዎቹ ፊልም ሲያነቡ ተራ እንዲጠብቁ ይማራሉ። መጀመሪያ ስሙ የማን ነው? ቀኑስ? ግራና ቀኙ ተለይቷል? ምስሉ ጥርት ብሏል? ከዚያ አጥንቱ፣ ሳንባው፣ ልቡ፣ ጠርዙ በየተራ ይታያል። አንድ ስብራት ከተገኘ በኋላም ፍለጋው አይቆምም፤ የመጀመሪያው ሲገኝ ዓይን ይረካና ሁለተኛው ሊያመልጥ ይችላል። የቆየ ፊልም ካለ ደግሞ ጎን ለጎን ይነጻጸራል።

በመጨረሻም የራስን ወሰን ማወቅ አለ። ነርስ ፕራክቲሽነሯ ለአስቸኳይ ውሳኔ ምስሉን ልታየው ትችላለች፤ በአብዛኛው የመጨረሻውን የጽሑፍ ውጤት የሚሰጠው ግን ራዲዮሎጂስት ነው። ሁለቱ ካልተስማሙ በሽተኛው ተጠርቶ ይነገረዋል።

ማስታወቂያ የማይሠራለት ነገር

እኔ በሙያዬ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ። «ዘመናዊ ሲቲ ስካን አስገብተናል» የሚል ማስታወቂያ ሰው እንደሚስብ አውቃለሁ። ማሽን ፎቶ ይነሳል፣ ቢልቦርድ ላይ ያምራል። «ዛሬ ለአንድ ልጅ ሲቲ ስካን አላስፈለገውም ብለን ሸኘን» የሚል ቢልቦርድ ግን አይተው ያውቃሉ? ያ ውሳኔ ግን የዓመታት ትምህርት ውጤት ነው። እኛ ደንበኞች ጥሩ ሕክምናን በማሽን ብዛት ብቻ ስንለካ፣ ይህን የማይታየውን ዕውቀት እናረክሰዋለን።

በእርስዎ እጅ ያለው

የምስል ምርመራ ሲታዘዝልዎ በትሕትና እነዚህን ይጠይቁ፦

• ይህ ምስል የትኛውን ጥያቄ ይመልሳል? ውጤቱስ ሕክምናውን ይለውጠዋል?

• ጨረር የሌለው ሌላ አማራጭ አለ?

• ምስሉን የሚያነበው ማን ነው? የጽሑፍ ውጤቱን መቼ አገኛለሁ?

እርጉዝ ከሆኑ ወይም ከተጠራጠሩ አስቀድመው ይናገሩ። የቤተሰቡን የቆዩ ፊልሞች፣ ሲዲዎችና የጽሑፍ ውጤቶች በአንድ ፋይል ያስቀምጡ፤ ክሊኒክ ሲቀይሩም ይዘው ይሂዱ። ያው ምርመራ እንዳይደገም ይረዳል፤ ገንዘብዎንም ያተርፋል።

ሐኪሙ፣ ጤና መኮንኗ ወይም ነርሷ «ለጊዜው ምስል አያስፈልግም» ካሉዎት ደግሞ፣ ቸል ተባልኩ ብለው ወደ ሌላ ክሊኒክ ከመሮጥዎ በፊት አንድ ጥያቄ ያቅርቡ፦ «ምን ምልክት ካየሁ ልመለስ?» መልሱን በወረቀት ያስጽፉና ማቀዝቀዣዎ በር ላይ ይለጥፉት።