በሐምሌ ጅቡቲ አንድ ሳህን ውኃ

ሚኒሶታ ወይም ቶሮንቶ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ወሬ ሳይሰማ አይቀርም። በረዶው ሲከመር ፈረንጆቹ ጓሯቸው ለሚመላለሰው ሽኮኮ ኦቾሎኒና ሱፍ ያስቀምጣሉ፤ ኦቾሎኒው ሲወደድባቸው ደግሞ በምን ርካሽ ነገር እንደሚተኩት ይመካከራሉ። (ሽኮኮ ያልኩት ባለ ጎፈሬ ጅራቱን ነው፤ ጭራ የለሹን የገደል ሽኮኮ አይደለም።) ከሩቅ ሲያዩት ቅንጦት ይመስላል፤ ግን ስሌት አለው። ግራጫው የዛፍ ሽኮኮ ክረምቱን ተኝቶ አያሳልፍም። በመኸር የቀበረውን ፍሬ ከበረዶ ሥር እየቆፈረ ያወጣል፣ ከሚበላውም ብዙው ገላውን ለማሞቅ ይውላል። ብርድ ላይ ላለ እንስሳ ምግብ ማገዶ ነው።

ጅቡቲ ከተማ ላይ ይህ ስሌት ይገለበጣል። እዚህ በጥር ቀትር ላይ ሙቀቱ 28 ወይም 29 ዲግሪ ነው፤ ሰው አመሻሹ ላይ ሻይ ይዞ ደጅ የሚቀመጥበት ደግ ጊዜ። በዓመት የምትጥለው ጥቂት ዝናብም ብዙውን ጊዜ የምትመጣው በእነዚሁ ቀዝቀዝ ባሉ ወራት ነው። መጠኗ በድምሩ 150 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባ በሐምሌ ወር ብቻ ከዚያ የበለጠ ታገኛለች። ሣሩ ብቅ የሚለው፣ ግራሩም የሚለመልመው ያኔ ነው። ክፉው ወቅት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው፣ አገር ቤት ጭቃና ጉም የሚሆንበት ጊዜ ነው። ያኔ ቀትር ላይ ከ40 ዲግሪ ማለፉን ማንም እንደ ዜና አያወራውም፤ ኸምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ አቧራውን ይዞ ሲነሣ ደግሞ መንገዱ ሁሉ ጭር ይላል። ስለዚህ እዚህ ለዱር እንስሳ የሚያዝን ሰው ቢያዝን በሐምሌ ነው። የሚሰጠው ነገርም ከሚኒሶታው ይለያል።

ለምን እንደሚለይ ከወፍ ብንነሣ ይገባናል። ወፍ ላብ አያልባትም። የገላዋ ሙቀት በጤናዋ ጊዜ እንኳ 40 ዲግሪ ገደማ ነው። አየሩ ከገላዋ ሲቀዘቅዝ ሙቀቷን ለነፋሱ ትለቃለች፤ አየሩ 42 ሲደርስ ግን ይህ መንገድ ይዘጋል፣ እንዲያውም ነፋሱ ራሱ ያሞቃታል። በዋናነት የሚቀራት ዘዴ አንድ ነው፤ አፏን ከፍታ እያለከለከች የጉሮሮዋን እርጥበት ማትነን። በቀትር ኒም ዛፍ ላይ ያረፈ ቁራ ልብ ብላችሁ እዩት። ምንቃሩ እንደተከፈተ ነው፣ ጉሮሮው ይርገበገባል፣ ክንፎቹን ከጎኑ ፈቀቅ አድርጎ ነፋስ ያስገባል። ይህ ሁሉ የሚከፈለው በውኃ ነው። ምግብ ደግሞ ወጪውን ያበዛዋል፤ የበላውን መፍጨት በራሱ ሙቀት ያመጣል፣ ደረቅ እህልም ውኃ ይፈልጋል። ስለዚህ በሐምሌ እኩለ ቀን፣ ውኃ በሌለበት ግቢ ስንዴ የሚበትን ሰው ለወፏ ውለታ የዋለላት ይመስለዋል እንጂ ጥማቷን ነው የጨመረላት።

ሽኮኮውስ? ጅቡቲም ሽኮኮ አላት። ከከተማው ወጣ ሲሉ፣ በግራርና በቁጥቋጦ መሐል ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖር የመሬት ሽኮኮ ነው፤ የእኛ አዋሽና አፋርም ያውቀዋል። ጸጉሩ ሻካራ ነው፣ ዓይኑን ነጭ ክብ ይዞረዋል፣ ጎኑ ላይ ደግሞ እንደ ሌሎቹ ዘመዶቹ ነጭ ሰረዝ የለውም። ቀን ቀን ወጥቶ ቅጠል፣ ፍሬ፣ ዘርና ነፍሳት ይለቅማል፤ ፀሐዩ ሲበረታ ጉድጓዱ ይገባል። ደቡብ አፍሪካ ያለው ዘመዱማ ጅራቱን ወደ ራሱ አጥፎ እንደ ጥላ ይይዘዋል፤ ይህን ተመራማሪዎች ለክተው አረጋግጠውታል። ለሙቀት የተበጀ እንስሳ ነው። የሚያስፈልገው ጉድጓዱ እንዳይናድበት፣ ቁጥቋጦውም ለከሰል እንዳይቆረጥበት እንጂ የእኛ ኦቾሎኒ አይደለም። በምግብ አባብሎ ወደ ቤት ማስለመድ ከውሻ፣ ከድመትና ከመኪና ጋር ማገናኘት ነው። በባልባላ ዳርቻ ወይም በአምቡሊ ደረቅ ወንዝ አካባቢ ሽኮኮ የሚያይ ሰው ቆሞ ቢያየውና ቢያልፈው ይበቃል ባይ ነኝ።

በከተማው ውስጥ ችግር ያለባቸው ሌሎች ናቸው፤ ድንቢጦች፣ ዋኔዎች፣ ጎጇቸውን እንደ ቅርጫት የሚሠሩት ቢጫ ወፎች። የእነዚህ ጠላት ሙቀቱ ብቻ አይደለም። ባለ ግራጫ አንገቱ የሕንድ ቁራ አለ። ይህ ወፍ የትውልድ አገሩ ደቡብ እስያ ነው፤ በመርከብ ከወደብ ወደብ ተሸጋግሮ የቀይ ባሕርንና የሕንድ ውቅያኖስን ከተሞች ወርሷል። ከሰው ርቆ አይኖርም፣ ሰው የጣለውን ሁሉ ይበላል፣ ከዚያ ላይ ደግሞ የትንንሾቹን ወፎች እንቁላልና ጫጩት ይለቅማል። ዛንዚባር በ1890ዎቹ (ዘመኑን ሁሉ የምቆጥረው እንደ ፈረንጆቹ ነው) ቆሻሻ ያጸዳልናል ተብሎ ገብቶ ኋላ መከራ ሆነ፤ ኬንያም በ2024 አንድ ሚሊዮን የሚሆኑትን ለማጥፋት ዕቅድ እስከ ማውጣት ደርሳለች። እንግዲህ ጠዋት ጠዋት የተረፈ ባጌት ቆራርሶ መንገድ ላይ የሚበትን ደግ ሰው፣ ሳያስበው፣ ለድንቢጧ ጫጩት ጠላት እየቀለበ ነው። ዳቦው ለቁራው እንኳ ሆድ ከመሙላት ያለፈ ጥቅም የለውም።

ከተማው ግን እንስሳ የመቀለብ የራሱ ልማድ አለው፤ በብዙ ሺህ ፍራንክ የተገዛ ዕቃ ትራፊ ስለሆነ ማንም እንደ ቀለብ አይቆጥረውም እንጂ። ጫቱ በየቀኑ ከኢትዮጵያ ተነሥቶ ቀትር ገደማ ይደርሳል። ሻጮቹ ሴቶች እርጥብ ጆንያ ሸፍነው በየጥጉ ይቀመጣሉ፣ ከተማው ምርቃናው ላይ ይውላል። ሲመሽ በየበሩ የቀረውን ገራባ የሚያነሡት ፍየሎች ናቸው። ካርቲዬ የሚባሉት ሰፈሮች ፍየል በካርቶንና በገራባ ያደገ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ወደቡና የጭነት መኪናው መንገድ ሁለተኛው ቀለብ ሰጪ ነው። ለኢትዮጵያ የሚራገፈው ስንዴ ሲከየልና ሲጫን የሚንጠባጠበው፣ ፒኬ ዱዝ በሚባለው የከተማው መውጫ በኩል በሚያልፉት ተሳቢዎች ሸራ ቀዳዳ የሚፈስሰው፣ የርግብና የዋኔ ነው። ስለዚህ በዚህ ከተማ እህል ብርቅ አይደለም። ሐምሌ ላይ ብርቅ የሚሆነው ውኃና ጥላ ነው።

ይህን ካልን በኋላ ጥቂት እህል ማስቀመጥ የሚወድ ሰው አይከለከልም፤ ማሽላ፣ ዳጉሳ ወይም ከሩዝ መልቀም የወጣ ስብርባሪ ይበቃዋል። አንድ እፍኝ ብቻ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ወፎቹ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጨርሰው በሚሄዱት መጠን። ቁራ እንዳይገባ እሾሃማ ቁጥቋጦ ሥር መበተን ወይም ድንቢጥ ብቻ የምትሾልክበት የሽቦ ወንፊት መድፋት ነው። የእኛ ሰው ቤት የማይጠፋው ድርቆሽ ተፈርፍሮ ቢሰጥ ጉዳት የለውም፤ ፍርፍሩ ግን፣ በርበሬውና ጨው ያለበት፣ ለወፍ አይሆንም። ለትንሿ ኩላሊቷ ጨው ከባድ ነው፣ ለማስወጣትም ያው ውኃ ይጠይቃታል። የተቀቀለ ሩዝ በዚህ ሙቀት እስከ ቀትር ይሻግታል። ኦቾሎኒን በተመለከተ ከሁሉም በላይ እጠነቀቃለሁ፤ ርካሹ ኦቾሎኒ ብዙ ጊዜ በእርጥበት የቆየ ነው፣ የባሕር ዳር አየር ደግሞ ሻጋታውን ያፋጥነዋል፣ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ ጉበት ያበላሻል። ኬንያ ውስጥ በ2004 በዚሁ መርዝ በተበከለ በቆሎ 125 ሰዎች ሞተዋል። ለሰው ያልሆነ ኦቾሎኒ ለወፍ ይሁን የሚለው ቁጠባ የተሳሳተ ቁጠባ ነው።

አሁን ወደ ውኃው። ወጪው ስንት ነው? ለአንድ ግቢ በቀን ሁለት ሊትር በቂ ነው፤ በወር 60 ሊትር፣ ማለትም ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። ሄሮንን ወይም ሃራሙስን በመሰለ የባለጸጋ ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ከቁጥር አይገባም። ባልባላ ውስጥ ውኃ በበርሜል ለሚገዛ ቤተሰብ ግን ሦስት ጀሪካን የልጆች ገላ መታጠቢያ ነው፤ ደግነት ከእሱ ይጀምር የሚል ጽሑፍ መጻፍ አልፈልግም። ከተማው ለረጅም ዘመን ጨው ጨው የሚለውን የአምቡሊን ጉድጓድ ሲጠጣ ኖሯል። ከ2017 ወዲህ ከሶማሌ ክልል ከሐደጋላ በተዘረጋው መስመር የኢትዮጵያ ውኃ ይመጣል፣ በ2021 ደግሞ ዶራሌ ላይ የባሕር ውኃ የሚያጣራ ፋብሪካ ተመርቋል። እንዲያም ሆኖ የሚጠጣ ውኃ ለወፍ ማፍሰስ የሚከብደው ሰው አማራጭ አለው። ሩዝና ምስር የታጠበበት፣ ሳሙና ያልነካው ውኃ ለወፍ ይሆናል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከኤሲ የሚንጠባጠበው ነው። እርጥበት በበዛበት የባሕር ዳር አየር አንድ የመኝታ ቤት ኤሲ በቀን በርካታ ሊትር ያወጣል፤ ያውም ጨው የሌለው ውኃ። በከተማው መሐል ባሉ ጠባብ መንገዶች ላይ አንገቱን ጠምዝዞ ምንቃሩን ከቱቦው ጫፍ የደቀነ ቁራና ከሥሩ ኩሬዋን የምትልስ ድመት ያላየ ሰው ሐምሌን ጅቡቲ አላሳለፈም። ከ2011 ጀምሮ የከተማው መብራት በብዛት ከኢትዮጵያ ስለሚመጣ፣ ያ ጠብታም በከፊል የእኛ ወንዞች ሥራ ነው ብዬ አንዳንዴ ለራሴ እስቃለሁ። ከቱቦው ሥር የሸክላ ሳህን ማስቀመጥ ብቻ ነው፤ ሳህኑንና የቱቦውን ጫፍ በየጊዜው ማጠብ ሳይረሳ።

ሸክላ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ ውኃውን ሻይ ያደርገዋል፤ ሸክላ ግን ላቡን እያወጣ ያቀዘቅዘዋል። ጥልቀቱ ከሁለት ጣት አይብለጥ፣ መሐሉ ላይ ድንጋይ ይኑር፤ ጫጩትም ሆነ ንብ ወይም እንሽላሊት ቢወድቅ መውጫ እንዲኖረው። ፍየል የማይደርስበት ከፍታ፣ ድመት ተደብቃ የማትዘልበት ገላጣ፣ ግን ቀኑን ሙሉ ጥላ የሆነ ቦታ ይፈለግለታል። ይህን ሁሉ ቦታ ማግኘት ከውኃው ይልቅ ያስቸግራል።

አንድ የወሎ ልጅ የሆነ የግቢ ዘበኛ ሳህኑን አይቶ፣ “ጋሼ፣ ይቺ ለወፍ ናት ለቢምቢ?” አለኝ። ጥያቄው የቀልድ አይደለም። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የሚባለው የወባ ትንኝ፣ እንደ ቁራው ሁሉ ከደቡብ እስያ በኩል የመጣ እንግዳ ነው። አፍሪካ ውስጥ መጀመሪያ የተገኘውም እዚሁ ጅቡቲ ከተማ በ2012 ነው። ሌሎቹ የወባ ትንኞች ረግረግና ኩሬ ሲፈልጉ፣ ይሄኛው በርሜል፣ ታንከር፣ ጣሳና ሳህን ይበቃዋል፤ የከተማ ትንኝ ነው። በዚያው ዓመት ጅቡቲ 27 የወባ ሕሙማን ብቻ መዝግባ ነበር፤ በ2020 ቁጥሩ ከ73,000 በላይ ሆነ። ትንኙ በ2016 አገር ቤት ቀብሪ ደሃር ተገኘ፣ በ2022 ድሬዳዋን በወረርሽኝ አመሳት። በግንቦት 2024 አምቡሊ ላይ በዘረመል የተለወጡ ወንድ ትንኞችን እስከ መልቀቅ የተደረሰው ነገሩ እዚህ ደረጃ ስለደረሰ ነው። የወፍ ሳህን እዚህ ታሪክ ውስጥ ትንሽ ቢሆንም ቦታ አለው፤ ረጋ ያለ፣ ንጹሕ፣ ጥላ ሥር ያለ ውኃ፣ ልክ ትንኟ የምትወደው።

መፍትሔው ግን ቀላል ነው፣ ወጪም የለውም። እንቁላሉ ትንኝ እስኪሆን በዚህ ሙቀት አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ሳህኑ በየቀኑ ተደፍቶ፣ ጎንና ጎኑ በብሩሽ ተፈግፍጎ ከተሞላ ዑደቱ ይቋረጣል። የሚደፋው ውኃ አትክልት ሥር ይፍሰስ። ልብ በሉ፤ መጨመር ብቻ አይበቃም፣ መድፋት ነው። ይህን በየቀኑ የማያደርግ ሰው ሳህን ባያስቀምጥ ለሰፈሩ ይሻላል፤ እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ አቋም አለኝ።

የሚቀረው የመቀጠል ነገር ነው። አቅም ያለው የጅቡቲ ሰው ሐምሌና ነሐሴን አርታ፣ ዓሊ ሳቢህ ወይም ድሬዳዋ ሄዶ ያሳልፋል፤ ማለትም ከሰኔ ጀምሮ ያስለመዳቸውን ወፎች ሙቀቱ ሲብስ ትቷቸው ይሄዳል። የሚሄድ ሰው ቁልፉን ለዘበኛው ሲሰጥ ሳህኑንም አብሮ ያስረክብ፤ የሚረከብ ከሌለ ሳህኑን ገልብጦ ይሂድ። ግቢ ያለውና ዓመታት የሚቆይ ሰው ደግሞ ቁርቁራ ቢተክል ይሻለዋል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዓመታት ውኃ ይጠይቃል፣ ከዚያ በኋላ ጥላውን፣ ፍሬውንና እሾሁን ይሰጣል፣ እሾሁም ቁራውን ከጎጆ ያርቃል። እህሉን ጥቅምት ሲገባ ቀስ በቀስ መቀነስ ይቻላል፤ ዝናብ ከጣለች ሣሩ የራሱን ዘር ያወጣል። ሳህኑን መድፋት ግን በቀዝቃዛውም ወራት አይቆምም፤ ወባ በጅቡቲ የሚበረታው ያኔ ነውና።