ፀሐይ ስንት ዓይነት ትጻፋለች?

ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ያለው መርካቶ፣ አንድ ታፔላ ጸሐፊ ደጃፍ ላይ ነው። አንዲት ባልትና ሻጭ እናት «ፀሐይ ባልትና» አስጽፈው ሲያበቁ፣ ልጁ ከሥር የድረ ገጻቸውን አድራሻ በላቲን ሲጽፍ አንድ ሆሄ ገደፈ።

«እናቴ፣ ያው ይነበባል» አላቸው።

«ሰው ያነበዋል ልጄ፣ ስልክ ግን አያገኘውም። ስሜ በፊደሌ ቢሆን ይሄ ሁሉ ጣጣ ከየት ይመጣ ነበር?»

እውነታቸውን ነው። ኮምፒውተሮች የሚፈላለጉት በአይፒ ቁጥር ነው፤ ስሙ ለእኛ ነው። በመጀመሪያ የስምና የቁጥሩ መዝገብ አንድ ፋይል ነበር፤ ካሊፎርኒያ፣ ሜንሎ ፓርክ የኤልዛቤት ፋይንለር ቡድን ይይዘዋል። አዲስ ስም የፈለገ ለእነሱ ያሳውቃል፣ ሌላው ፋይሉን ይቀዳል። የኮምፒውተሮቹ መረብ ሲሰፋ ይህ አላዋጣም። ፖል ሞካፔትሪስ እ.ኤ.አ. በ1983 መዝገቡን ለብዙዎች የሚያከፋፍል ሥርዓት ነደፈ። ዛሬ አድራሻ ስንጽፍ፣ መልሱን ያልያዘ ሰርቨር ከመዝገቡ ሥር ይጀምራል። በ13 ስም የሚታወቁት የሥር ሰርቨሮች ቁጥሩን አይነግሩም፤ «በነጥብ ኢቲ የሚያበቁትን የያዘውን ጠይቅ» ይላሉ፤ እሱም ወደ ቀጣዩ ይመራል። ሰፈር ገብቶ ቤት የሚያፈላልግን እንግዳ ባለሱቁ ወደ ዘበኛው እንደሚመራው ማለት ነው። የተገኘው ቁጥር ለጊዜው ይቀመጣል፤ ቀጣዩ ጠያቂ አይንከራተትም።

አድራሻ የሚጻፈው በ26 የላቲን ሆሄ፣ በ10 አኃዝና በጭረት ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ፑኒኮድ የተባለ ዘዴ ሌላውን ፊደል ወደ እነዚሁ ይመነዝራል። ማሽኑ ፊደላችንን መሸከም ይችላል።

ከባዱ የእኛው የቤት ሥራ ነበር። ፀሐይ በፀ ወይስ በጸ? በሐ፣ በሀ ወይስ በኀ? ስድስት አጻጻፍ ስድስት አድራሻ ይሆናል፤ አጭበርባሪ አንዱን ቢይዝ ደንበኛ ልዩነቱን አያይም። የፊደሉ ባለሙያዎች ሆሄ በሆሄ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2017 የኢንተርኔት ስሞችን ለሚያስተባብረው ድርጅት፣ ለአይካን፣ ደንብ አቀረቡ፤ በአድራሻው መጨረሻ ክፍል አንዱ ከተያዘ ሞክሼው ለሌላ አይሰጥም።

በፊደላችን የሚጻፍ አድራሻ ለተራ ነጋዴ መቼ ይደርሳል ብዬ አንድ ኃላፊ ዘንድ ሁለት ሳምንት ደወልኩ። «ስብሰባ ላይ ናቸው» ከመባል በቀር መልስ አላገኘሁም። እስከዚያው አማርኛ ብቻ የሚያነብ ሰው ደጅ ይቀራል።

እኚያ እናት አስደምስሰው እንደገና አስጻፉ። ሆሄዎቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ቆጠሩና እንዲህ አሉኝ፦ «የገዛ ስሜን እንደ ሰው ዕቃ ቆጥሬ ተረከብኩ።»