ሌጎ «ጡረታ» የሚወጣው መቼ ነው? ቀኑን ማወቅና ዋጋውን ማወቅ ለየቅል ናቸው

ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ቡናውንና ሰሊጡን ለሰኞ እናቆየውና ሰሞኑን በውስጥ መስመር የደረሰኝን አንድ ጥያቄ ላንሳ።

ጠያቂው የአንድ ገበሬዎች ዩኒየን ሂሳብ ክፍል ውስጥ የሚሠራ የቆየ አባላችን ነው። ሜሪላንድ የሚኖር ወንድሙ ደውሎ «ያጠራቀምኳትን 6,000 ዶላር ሌጎ ልገዛባት ነው» አለው። ለልጅ መጫወቻ እንዳይመስላችሁ። ሃያ ካርቶን በ300፣ በ300 ዶላር ገዝቶ፣ ሳይከፍት ምድር ቤት ደርድሮ፣ ፋብሪካው ማምረት ሲያቆም በእጥፍ ሊሸጥ ነው። «አንተ የዋጋ ሰው ነህ፤ መቼ እንደሚያቆሙ አጣራልኝ» ብሎታል። አባላችንም ጥያቄውን ወደ እኔ ወረወረው።

መጀመሪያ ስቄ ነበር። ቁጭ ብዬ ሳየው ግን እኛ በየቀኑ የምናወራው ነገር ነው እኮ! አቅርቦት መቼ ይቋረጣል፣ በማን መጋዘን ስንት አለ፣ ይዞ መቆየት ስንት ያስወጣል። ስለዚህ በራሳችን ቋንቋ እንየው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሌጎ የዴንማርክ ኩባንያ ነው፤ ቢሉንድ በምትባል ትንሽ ከተማ አንድ አናጢ በ1932 የጀመረው። ዛሬ የምናውቀው ተገጣጣሚ የፕላስቲክ ጡብ የፓተንት ማመልከቻ የገባው በ1958 ሲሆን፣ የዚያን ጊዜ ጡብ ዛሬ ከሚመረተው ጋር ይገጥማል። ጡቡ ራሱ አያረጅም ማለት ነው። ከገበያ የሚወጣው «ስብስቡ» ነው፤ ማለትም አንድ ሕንፃ ወይም አንድ የፊልም መንኮራኩር ለመሥራት ተለክቶ፣ ከነመመሪያው በካርቶን የታሸገው። ሰብሳቢዎቹ ይህን «ጡረታ ወጣ» ይሉታል፤ እኛም እንደዚያው እንበል።

ለምን ጡረታ ያወጡታል? መደርደሪያና ማሽን ውስን ስለሆነ። ኩባንያው በየዓመቱ ለገበያ ከሚያቀርባቸው ምርቶች ግማሽ ያህሉ አዲስ ናቸው። ይህቺን ብቻ ይዛችሁ አስሉ፦ መደርደሪያው በየዓመቱ በግማሽ የሚታደስ ከሆነ አንድ ስብስብ በአማካይ ሁለት ዓመት አካባቢ ይቆያል። በተግባርም ብዙዎቹ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ነው የሚቆዩት። ለአዋቂ የሚሸጡት ትልልቆቹ ግን ሦስት፣ አራት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሄዳሉ። ወንድምየው የሚያስበው እነዚህን ትልልቆቹን ነው፤ አማካዩ የማይሠራውም እነሱ ላይ ነው።

ኩባንያው ቀኑን ቀደም ብሎ በይፋ አያሳውቅም። በአረቢካ ቡና ብንሄድ የኒውዮርክ ገበያ የርክክብ ወሮቹ ይታወቃሉ፣ የተመዘገበው ክምችት በየቀኑ ይወጣል። እዚህ አምራቹ አንድ ነው፤ በመጋዘኑ ስንት እንዳለና መቼ እንደሚያቆም የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ገበያው ምልክት አንባቢ ሆኗል።

ዋና ዋና ምልክቶቹን ላውጋችሁ። አንደኛው ወቅት ነው። ከፊሉ በዓመቱ አጋማሽ ቢወጣም አብዛኛው ጡረታ የሚወጣው በፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ፣ በእኛ ታኅሣሥ 22 አካባቢ ነው። የገና ገበያ የቀረውን ካርቶን ይጠርገዋል፣ በጥር አዲሱ ይገባል።

ሁለተኛው ተተኪ ነው። ኩባንያው አንድን ነገር በሁለት ስሪት ጎን ለጎን መሸጥ ብዙም አይወድም። ከ2007 ጀምሮ «ሞጁላር» የሚባሉ የከተማ ሕንፃዎችን በየዓመቱ አንድ እያወጣ ነው፤ አዲሱ ሲመጣ ሰዉ ዓይኑን መደርደሪያው ላይ ወዳለው አንጋፋ ይወረውራል። ጥሩ ምልክት ነው፤ ግን ይከዳል። የተከታታዩን አሥረኛ ዓመት ለማክበር በ2017 የወጣው «አሰምብሊ ስኩዌር» «ዘንድሮ ያበቃል» እየተባለ ከአምስት ዓመት በላይ ተሸጧል።

ሦስተኛው የፊልም ፈቃድ ነው። ስታር ዋርስም ሆነ ሌላ ፊልም የሰው ንብረት ነውና ፊልሙ ሲቀዘቅዝ ወይም ውሉ ሲያልቅ ስብስቡም አብሮ ይሄዳል።

አራተኛው፣ ለነጋዴ ደስ የሚለው፣ ክምችት ነው። በኩባንያው ድረ ገጽ ላይ «በቅርቡ ጡረታ የሚወጣ» የሚል ምልክት ይለጠፋል፤ ይህ ብቸኛው የባለቤቱ ቃል ነው፣ ግን የሚመጣው ዘግይቶ ነው። ከዚያ በፊት አንዱ አገር ላይ «አልቋል» ሲል ሌላው ጋ ይገኛል፤ ትልልቅ ቸርቻሪዎች መደርደሪያ ለማጽዳት 20 እና 30 በመቶ ይቀንሳሉ። ልብ በሉ፦ ሊያልቅ የተቃረበ ዕቃ መጀመሪያ የሚረክሰው ነው። በእኛ ገበያ ዕቃ ሊጠፋ ሲል ዋጋው ቀድሞ ስለሚንር ይህ ግር ሊለን ይችላል። ቸርቻሪው ግን ለነገ ጥር ነው የሚያስበው፣ ለአምስት ዓመት በኋላ አይደለም።

በመጨረሻ ወሬ አለ። ለቸርቻሪዎች የሚላክ ዝርዝር አፈትልኮ ይወጣና በሰብሳቢዎች ድረ ገጾች «የዘንድሮ ጡረተኞች» ተብሎ ይለቀቃል። ብዙ ጊዜ ይመታል። ግን ይራዘማል፤ ታኅሣሥ የተባለው ሐምሌ፣ ሐምሌ የተባለው ደግሞ ሌላ ታኅሣሥ ይሆናል። የደላላ ስልክ እንደሚሉት ነው።

እንግዲህ ቀኑ ሲስት ምን ይሆናል? «ዴዝ ስታር» የሚባለውን እዩ። በ2008 በ400 ዶላር ወጣ። በ2009 ገዝቶ «ሁለት ዓመት ብይዘው ነው» ያለ ሰው እስከ 2015 ድረስ ጠበቀ፤ ምክንያቱም መደብሩ አዲሱን እየሸጠ የእሱን በትርፍ የሚገዛ የለም። በቃ አበቃ ሲባል ደግሞ በ2016 ከእሱ ጋር ተመሳሳይ ሊባል የሚችል ሌላ በ500 ዶላር መጣ።

አሁን ወደ ወንድምየው ስሌት እንግባ። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው፣ ግን አመዛዘኑ እውነተኛ ነው። አንድ ካርቶን በ300 ገዛ እንበል፣ በአምስተኛው ዓመት በ600 ሸጠ። እጥፍ! ግን የኦንላይን ገበያው ኮሚሽን 13 በመቶ አካባቢ ነው፤ 78 ዶላር ሄደ። ትልቅ ካርቶን ነውና መላኪያው 30 ዶላር ይሁን። እጁ የሚገባው 492 ነው። በዓመት ሲመታ 10 በመቶ ያህል ነው። ይሁን፣ መጥፎ አይደለም። ጡረታው በሦስት ዓመት ከተራዘመና ያንኑ 600 በስምንተኛው ዓመት ካገኘ ግን ወደ 6 በመቶ ይወርዳል። ዋጋው 600 ሳይደርስ 400 ላይ ከቆመስ? ኮሚሽኑና መላኪያው ተቀንሶ 318 ነው የሚቀረው፤ አምስት ዓመት ጠብቆ 18 ዶላር! ግብሩን፣ የቦታውን ኪራይ፣ የአሜሪካንን የዋጋ ንረት ገና አልነካሁም።

ያንኑ ካርቶን በ20 በመቶ ቅናሽ፣ በ240 ገዝቶት ቢሆንስ? በአምስት ዓመት 600 ሲሸጥ በዓመት 15 በመቶ ይሆናል፤ በስምንት ዓመት ቢሆንም 9 በመቶ ይይዛል፤ 400 ላይ ቢቆም እንኳ 6 በመቶ ገደማ አለው። አያችሁ? ቀኑን በሦስት ዓመት የሳተው ባለቅናሽ፣ ቀኑን በትክክል ከመታው ባለሙሉ ዋጋ ብዙም አይርቅም። ሰዉ ስለ ጡረታ ቀን ሌሊቱን ሙሉ ይከራከራል፤ ትርፉ ግን አብዛኛው የተወሰነው የገዛ ዕለት ነው። ሰሊጥ የያዘ ሰው ይህን ያውቃል። እኔም አንድ ዓመት ኑግ በውድ ሰብስቤ «ይወጣል» ብዬ ስጠብቅ፣ መውጣቱ ወጣ፤ የወጣው ግን የከፈልኩትን ወለድ እንኳ አልሸፈነም።

ዋናው ፍርሃቴ ግን ሌላ ነው። ፋብሪካው ሻጋታውን አልጣለም።

የታጅ ማሐልን ታሪክ ልንገራችሁ። በ2008 ወጣ፤ ወደ 5,900 የሚጠጋ ጡብ፣ ዋጋው 300 ዶላር። ከጥቂት ዓመት በኋላ ጡረታ ወጣና ያልተከፈተው ካርቶን ከ2,000 ዶላር በላይ ይጠየቅበት ጀመር። ሰዉም «ወርቅ ነው» አለ። በኅዳር 2017 ኩባንያው ያንኑ ታጅ ማሐል ቁጥሩን ቀይሮ በ370 ዶላር መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። የድሮው ካርቶን ዋጋ ተናደ። በዚያው ዓመት የስታር ዋርሱ «ሚሊኒየም ፋልከን» አዲስ ስሪትም ወጣ፤ 7,541 ጡብ፣ 800 ዶላር። የ2007ቱን ፋልከን በሺዎች ዶላር ገዝቶ የያዘ ሰው የገባበትን አስቡት። «ሳተርን 5» የተባለው የአፖሎ ሮኬት ደግሞ በ2017 ወጥቶ፣ ካበቃ በኋላ በ2020 በሌላ ቁጥር ተመለሰ።

የብራዚል ውርጭ ቡና ሲመታ አዲስ ዛፍ ተተክሎ እስኪያፈራ ዓመታት ይፈጃል፤ ማንም በአዋጅ አያመጣውም። እዚህ ግን እጥረቱ የአንድ ኩባንያ ውሳኔ ነው፤ ዋጋው ሰማይ ሲነካ ደግሞ «ይህን ያህል ፈላጊ አለ» ብሎ የሚያየው መጀመሪያ ራሱ ኩባንያው ነው። ከ2019 ወዲህማ ብሪክሊንክ የተባለውን ትልቁን የሁለተኛ እጅ ሌጎ ገበያ ራሱ ገዝቶታል። ያለፉት ስድስት ወራት ሽያጭ በየስብስቡ እዚያ ላይ ተዘርዝሮ ይታያል፤ ለእናንተም ለእሱም።

አስመሳዩም አለ። ሌፒን የሚባል የቻይና ስም ጡረታ የወጡትን፣ የድሮውን ፋልከን ጨምሮ፣ እየቀዳ በርካሽ ይሸጥ ነበር፤ ፖሊስ በ2019 እስኪዘጋው ድረስ። ቅጂው ዋናውን ካርቶን አይተካም፤ ግን ሠርቶ መደርደሪያው ላይ ማየት ብቻ የሚፈልገውን ገዢ ወስዶታል።

«ታዲያ ሰው እንዴት አተረፈ?» ትሉኛላችሁ። አትርፏል። በ2007 የመጀመሪያው ሞጁላር «ካፌ ኮርነር» በ140 ዶላር ሲወጣ ካርቶን የሚያከማች ሰው ጥቂት ነበር፤ የገዛው ሁሉ ከፍቶ ሠራው። ያልተከፈተው ኋላ ከ1,000 ዶላር አለፈ። ሞስኮ ያሉ የኢኮኖሚክስ ተመራማሪዎችም ከ1987 እስከ 2015 የወጡ ከ2,300 በላይ ስብስቦችን ዋጋ አጥንተው አማካይ ትርፉ በዓመት 11 በመቶ አካባቢ ነው ብለዋል። ጋዜጣው ሁሉ ይህቺን ቁጥር ይዞ ሮጠ። የዚያው ጥናት ሌላው ቁጥር ግን በዓመት ከ50 በመቶ ኪሳራ እስከ 600 በመቶ ትርፍ የተዘረጋ ነው፤ መካከለኛ መጠን ያላቸው ስብስቦች ከትንንሾቹም ከትልልቆቹም ያነሰ ነው ያተረፉት። መረጃውም 2015 ላይ ያልቃል። ዛሬ ጡረታ የሚወጣው እያንዳንዱ ትልቅ ስብስብ ምድር ቤት ውስጥ የተቀመጠ የከረመ ክምችት አለው፤ ልክ እንደ ወንድምየው ያሰቡ ሰዎች ያስቀመጡት። በየትኛውም ሪፖርት ላይ የለም፤ ዋጋው ትንሽ ከፍ ሲል ግን ከየጓዳው ይወጣል። ዝርዝሩ ላይ «ዘንድሮ ያበቃል» የሚለውን ያነበበው እሱ ብቻ አይደለማ።

እንግዲህ ለአባላችን የጻፍኩለት ይህን ነው። 6,000ውን በአንድ ጊዜ አያውጣ፤ ሃያውንም ካርቶን ከአንድ ዓይነት አይግዛ። ከ20 በመቶ በታች ቅናሽ አይንካ። የታወቀ ሕንፃና የታወቀ መንኮራኩር ላይ ይጠንቀቅ፤ እነሱን ኩባንያው ደግሞ ለማውጣት ቀላል ናቸው፣ ስማቸው ሁሌም ይሸጣልና። «በቅርቡ ጡረታ የሚወጣ» የሚለው ምልክት ከተለጠፈ በኋላ ቢገዛ ከቅናሹ ትንሽ ሊያመልጠው ይችላል፤ ግን የሦስት ዓመት ጥበቃ ያተርፋል፤ ሂሳቡ ይህን ይደግፋል። ኩባንያው ለአንድ ቤተሰብ የሚሸጠው መጠን ላይ ገደብ ስለሚያደርግና መልሶ ሻጭ መሆኑን ካወቀ ትዕዛዙን ሊሰርዝበት ስለሚችል፣ ሃያ ካርቶን በአንድ ጠቅታ አገኛለሁ ብሎም አይቁጠር።

መልሱ ትናንት ማታ መጣ። ወንድምየው ስድስቱን ቀድሞ ገዝቷል፣ በሙሉ ዋጋ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት። የቀረው 4,200 ዶላር ገና ባንክ ነው። ስድስቱን ከምድር ቤቱ አውጥቶ ከወለል ከፍ ባለ ደረቅ ቦታ፣ ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ በኩል ያስቀምጥ በልልኝ ብያለሁ፤ እርጥበት የነካው ካርቶን ደረጃው እንደወረደ ቡና ነው የሚቆጠረው። ሁለቱን ደግሞ ለልጆቹ ይክፈትላቸው።

ሰኞ ጠዋት በቡናና በሰሊጥ ዋጋ እንገናኛለን።