የእሳት ኳስ ስንት ያወጣል?

ደንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን የሚና ጨዋታ የሚጫወት ቡድን የራሱን ደንብ ማውጣት ሲያምረው ብዙ ጊዜ እጁ መጀመሪያ የሚያርፈው በአስማቱ ላይ ነው። ምክንያቱም አይከብድም። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው አምስተኛ እትም፣ 5ኛ ደረጃ የደረሰ አስማተኛ በቀን ከ1ኛው እርከን 4፣ ከ2ኛው 3፣ ከ3ኛው ደግሞ 2 ድግምት ይደግማል። በአጭር ዕረፍት የሚያስመልሳትን ጥቂት ትርፍ ለጊዜው እንተዋት። የላይኛው ኮታ ሲያልቅ የታችኛው ቢተርፍም፣ ለትልቁ ድግምት አይሆንም። ተጫዋቹም «ኃይል እያለኝ ለምን እከለከላለሁ?» ይላል።

ይህ ገደብ የመጣው ከልብ ወለድ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 ጨዋታውን ሲያሳትሙ የአስማቱን ሐሳብ የወሰዱት ከጃክ ቫንስ የ1950 መጽሐፍ ነው። በዚያ ታሪክ ውስጥ አስማተኛ ድግምቱን በቃሉ ይይዛል፤ በተናገረው ቅጽበት ግን ከአእምሮው ይጠፋል። ኋላ የመጡት እትሞች ይህን እያላሉ ቢሄዱም የእርከኑ ኮታ በአምስተኛው እትምም አለ።

ኮታውን በነጥብ መተካት ከሁሉ ቀድሞ የሚታሰብ መፍትሔ ነው፤ የ2014ቱ የጨዋታ መሪ መጽሐፍም በአማራጭነት አስቀምጦታል። የ1ኛው እርከን ድግምት 2፣ የ2ኛው 3፣ የ3ኛው 5 ነጥብ ያወጣል። የኛ አስማተኛ 27 ነጥብ ይኖረዋል፤ ኮታው ሲመነዘርም ልክ 27 ነው። ሒሳቡ እኩል ይመስላል፤ ጨዋታው ግን ሌላ ይሆናል። የእሳት ኳስ የ3ኛ እርከን ድግምት ነው፤ ስምንት ባለስድስት ገጽ ዳይስ ይጣልለታል፣ በአማካይ 28 ጉዳት ያደርሳል። በኮታ ሁለቴ የነበረው በነጥብ አምስት ጊዜ ይሆናል።

ኮታው የሚሠራው ሥራ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ኳሶች ካለቁ በኋላ ተጫዋቹ ጠላትን በድር መተብተብ፣ መሰወር፣ ጠባቂውን ማስተኛት ይጀምራል። ለእኔ የአስማተኛ ጨዋታ የሚጣፍጠው ያኔ ነው፤ አጠገቡ ሰይፍ ለያዘው ጓደኛውም ድርሻ ይተርፈዋል። ነጥቡ ይህን ግፊት ያነሳል። መጽሐፉ በቀን ከስድስት እስከ ስምንት መካከለኛ ወይም ከባድ ውጊያ እንደሚኖር ታሳቢ ያደርጋል፤ በቀን አንዴ ብቻ በሚዋጋ ቡድን ውስጥ ግን መቆጠብ ምንም አይጠቅምም።

ነጥብ የግድ ከተፈለገ ድግግሞሹን አስወድዱት እላለሁ፦ የላይኛው እርከን ድግምት በዚያው ቀን በተደገመ ቁጥር ዋጋው በ2 ይጨምር። የመጀመሪያው ኳስ 5፣ ሁለተኛው 7፣ ሦስተኛው 9 ያወጣል፤ ድምሩ 21 ነው። የቀረው 6 ነጥብ 11 ለሚያወጣው አራተኛ ኳስ አይበቃም፤ ለሦስት ትንንሽ ድግምቶች ግን ይሆናል። ተጫዋቹ ከኮታው አንድ ኳስ አተረፈ፤ ብልሃቱንም አላጣም።

ውጊያ በሚያንስበት ቡድን ግን ድግምቱን ሳይነኩ ኃይል የሚመልሰውን ዕረፍት መለወጥ ይሻላል። ያው መጽሐፍ አጭሩን ዕረፍት 8 ሰዓት፣ ረጅሙን 7 ቀን የሚያደርግ አማራጭ አለው። ኃይል በሳምንት አንዴ ብቻ ከተመለሰ አንዱም ኳስ ይታሰብበታል። ጉዳቱ የሚያርፈው 8 ሰዓት በሚቆዩት ድግምቶች ላይ ነው፤ አስማተኛውን የሚከልለው የአስማት ጥሩር ለአንድ ቀን ውሎ መሆኑ ቀርቶ የሳምንቱ ቅንጣቢ ይሆናል። ዕረፍቱን የሚያረዝም መሪ የእነዚህንም ዕድሜ በዚያው ልክ ያርዝም።