በካርቶን የተሠራች አውሮፕላን እንዴት ታረጃለች?

ዛሬ ከማንኩሽ የምንጽፍላችሁ ስለ አንዲት የማትበር አውሮፕላን ነው። አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪያችን ከካርቶንና ከቀርከሃ የሠራት ስትሆን፣ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 40 ሳንቲ ሜትር ትሆናለች። ከእውነተኛዋ 72 ጊዜ ታንሳለች ማለት ነው።

ልጁ ትምህርት ሊዘጋ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት በፌስታል ጠቅልሎ አመጣልን። ሁለት ሞተር ያላት፣ አፍንጫዋ ቀና፣ ጅራቷ ዝቅ ያለ ዲሲ-3 ናት። አሠራሩ ንጹሕ ነው፤ ነገር ግን ሁለመናዋን ብርማ ቀለም ስለ ቀባት እንደ አዲስ ትሪ ታብለጨልጫለች። «ኡስታዝ፣ አሻንጉሊት ሆነችብኝ፤ ምን ጎደላት?» አለን። ለዚህ ሥራ የሚሆን ከውጭ የመጣ ቀለም አዲስ አበባ እንደሚገኝ ሰምቶ አባቱን ገንዘብ ጠይቆ ኖሯል። አባቱ ወደ ሕዳሴው ግድብ ሲሚንቶ ሲያመላልሱ የኖሩ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። «ለአሻንጉሊት ቀለም ብር ማውጣት ኢስራፍ ነው» ብለው ከለከሉት። የልጁ ውጤትም በዚያ ዓመት ዝቅ ብሎ ስለ ነበር፣ «ከእንግዲህ ከእኔ ጋር ረዳት ሆኖ ይውጣ» እስከ ማለት ደርሰው ነበር።

በገንዘቡ ረገድ አባትየው ልክ ነበሩ። ለሥራው የሚያስፈልገው ሁሉ በየቤታችን አለ። አውሮፕላኗን አሻንጉሊት ያስመሰላት የኖረችበት ዘመን ምልክት ስለሌለባት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ያደረገው ሲ-47 በሚባለው፣ ለጦር ሠራዊት በተሠራው የዲሲ-3 ዓይነት ነበር። ከዚያም እነዚህ አውሮፕላኖች በአገር ውስጥ መስመር ለአሥርት ዓመታት በሣርና በአፈር ሜዳ ላይ ሲያርፉ ኖረዋል። ታዲያ እንዲህ የሠራች አውሮፕላን እንዴት እንደ ትሪ ታብለጨልጭ? በአንጻሩ በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራችውን «ፀሐይ»ን የሚሠራ ልጅ ቢኖር እድፍ ባያበዛ ይሻላል። እርሷ ብዙም ሳትበር በጣሊያኖች እጅ ገብታ፣ በጣሊያን አገር ሙዚየም ስትቀመጥ ኖራ፣ በጥር ወር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ የተመለሰች ናትና።

ችግሩ የእኛ ልጆች አውሮፕላንን በቅርብ አለማየታቸው ነው። በመስከረም 2013 ዓ.ም. በግድቡ አካባቢ በረራ በታገደ ጊዜማ ቀና ብሎ የማየቱም ነገር ቀረ። መኪና ግን ሞልቷል። ስለዚህ ልጁን ይዘን ወደ አባቱ መኪና ሄድን።

ጎማ ሲፈትሹ ደረስን። አቧራው ለምን በአንዱ ቦታ በዝቶ በሌላው እንዳነሰ ጠየቅናቸው። መጀመሪያ ቆጠብ ብለው ነበር፤ ኋላ ግን ራሳቸው እየዞሩ ያሳዩን ጀመር። «የተሳቢው ኋላ ከፊቱ ይበልጥ ይቆሽሻል፤ መኪናው ሲሮጥ ነፋሱ ከኋላ ተሽከርክሮ ይመለሳል። የበሩን እጀታ ይዩት፣ ንጹሕ ነው፤ እጅ ይወለውለዋል። ዘይት ያፈሰሰበት ደግሞ አቧራውን ይዞ ያስቀራል።» ቀጥለውም፣ «ኡስታዝ፣ እርስዎ ይህን ለምን ይፈልጉታል?» አሉን። መልሱን ለልጃቸው ተውንለት።

ወደ ሥራው እንግባ። ብርማውን ቀለም በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አለሰለስነውና የወጥ ቤት ፎይል በስሱ በተቀባ ኮላ ለጠፍንበት። የፎይል አንዱ ገጽ ያበራል፣ ሌላው ደብዛዛ ነው። ቁርጥራጮቹ እየተገላበጡ ሲለጠፉ በተለያየ ጊዜ የተለወጡ ቆርቆሮዎች ይመስላሉ። ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ በማስመሪያ ጫን እያሉ ሲያሰምሩበት የቆርቆሮው መጋጠሚያ ይወጣል፤ ነጥብ ነጥብ ሲያደርጉበት ደግሞ የሪቬቱ ረድፍ። በክንፏና በጅራቷ ጠርዝ ያሉት ተንቀሳቃሽ መሪዎች በእውነተኛዋ ላይ በጨርቅ የተሸፈኑ ናቸው። እነርሱን ፎይል አናለብሳቸውም፤ የልጁ ብርማ ቀለም እዚያ በቂ ነው።

ከቤት ቀቢ የተረፈ ጥቁር ዘይት ቀለም ጥቂት ጠብታ በአኳራጅ አቅጥነን በቀጭን ቡሩሽ መስመሮቹ ውስጥ አስገባን። ሳይደርቅ ከአፍንጫ ወደ ጅራት በጨርቅ ጠረግነው፤ ነፋሱ የሚሄደው በዚያ ነው። ወላጆች ሆይ! አኳራጅ በተከፈተበት ቤት ከሰል አይቀጣጠልም፤ መስኮት ይከፈታል፤ ሕፃናትም አይቀርቡም።

ከጢስ ማውጫው ወደ ኋላ ያለው ጥቁረት ከድስት ሥር የተፋቀ ጥላሸት ነው፤ በጥጥ ይነካካል። ለአቧራው ከሰል ወቅጠን በሻሽ ነፋነው። ፎይል ዱቄት አይዝም። ስለዚህ ኮላን በብዙ ውሃ አቅጥኖ፣ አንድ ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምሮ በስሱ መቀባት፣ ሊደርቅ ሲል ዱቄቱን በደረቅ ቡሩሽ መንካት ነው። ከዚያ በኋላ ቫርኒሽ የሚባል አይጨመርም። እኛ ከዓመታት በፊት በራሳችን ሞዴል ላይ ቫርኒሽ ደፍተንበት አቧራው በሙሉ ጠፍቶ፣ አውሮፕላኑ የተጠበሰ ዶሮ መስሎ ቀርቷል።

ልጁ ግን ነገሩ ጣመውና በክንፏ ላይ የተላጠ ቀለም ለማስመሰል ጠብታ ያበዛ ጀመር። «ይህቺ ጠብታ ስንት ናት?» አልነው። ለካ፤ 2 ሚሊ ሜትር። «በእውነተኛዋ ላይስ?» በ72 አባዝቶ ከ14 ሳንቲ ሜትር በላይ ሲሆንበት ደነገጠ። መዳፍን የሚያህል ቀለም የተገሸለጠባትን አውሮፕላን ማን ይሳፈርባታል? አብዛኛውን ጠራርጎ አነሣው።

አባትየው በጁምዓ ከሰዓት በኋላ በወረቀት የተቋጠረ ነገር ይዘው መጡ። ሲፈቱት ቀይ አፈር ነው። «በልጅነቴ ይህችኑ የመሰለች አውሮፕላን አፈር ሜዳ ላይ ስታርፍ አይቻለሁ» አሉ። «ሆዷ ቀይ ነበር። እናንተ ከሰል ትቀቧታላችሁ?» ከዚያም አውሮፕላኗን አንሥተው ገለበጧትና፣ «ሰው የሚወጣው በዚህ በግራው፣ ከኋላ ባለው በር ነው። እዚህ ሥር ጫማ ይነካዋል፤ በቀኙ ግን ለምን ቆሸሸ?» አሉ። ልጁ ሁለቱንም ጎን እኩል አቆሽሾት ነበር። «እሺ አባዬ» ብሎ ቀኙን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገው፤ ቀዩን አፈር በሻሽ ነፍቶም ከጎማዎቹ ኋላ፣ ከክንፎቹ ሥርና ከጅራቷ በታች አኖረው።

የረዳትነቱን ነገር አላነሡም፤ እኛም አላነሣንም። ሲወጡ ግን በበሩ ላይ ቆም ብለው፣ «እስቲ ያቺን በ72 የምታባዛትን ነገር በእኔ መኪና ላይ አስላት» ሲሉት ሰማን።