ጀርባቸውን ለባሕር የሰጡ መንደሮች፦ በሰርዲኒያ መሃል አገር በዝግታ መጓዝ

ሰርዲኒያ ሲባል ለብዙ ሰው ቶሎ የሚታወሰው ነጭ አሸዋና ጥርት ያለ ባሕር ነው። የኢስማኢሊ ሙስሊሞች መሪ አጋ ካን እ.ኤ.አ. በ1962 ከባለሀብት ሸሪኮቹ ጋር በሰሜን ምሥራቁ ጠረፍ ኮስታ ስሜራልዳን መገንባት ከጀመረ ወዲህ የደሴቲቱ ስም ከቅንጡ ጀልባና ከውድ ሆቴል ጋር ተቆራኝቷል። የአገሬው ሰው ግን ለዘመናት ባሕሩን ሲሸሽ ነው የኖረው። በባሕር የሚመጣው ወራሪና ዘራፊ ነበር፤ በጠረፉ ረግረግ ደግሞ ወባ ሰውን ይፈጅ ነበር። ወባው ድል የሆነው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ ከ1946 እስከ 1950 በሮክፌለር ፋውንዴሽን ድጋፍ ደሴቲቱ ከዳር እስከ ዳር ዲዲቲ ተረጨች። ለእኛም ያ ባሕር የራሱ ትዝታ አለው። በሰሜን ምዕራብ ጫፍ ባለችው በአዚናራ ደሴት ፋሺስቶች ከ1937 ጀምሮ የኢትዮጵያ መኳንንትና ቤተሰቦቻቸውን በግዞት አስቀምጠዋል፤ ከግዞተኞቹ አንዷ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ልዕልት ሮማነወርቅ ነበሩ።

እንግዲህ ሰርዲኒያን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ባሕሩን ከኋላው ትቶ ሽቅብ መውጣት አለበት። መሃል አገሩ ባርባጃ ይባላል፤ ስሙን ያወጡለት አልገዛ ያላቸውን ተራራማ አገር “ባርባሪያ” ብለው የጠሩት ሮማውያን ናቸው። ከፍተኛው ተራራ፣ የጄናርጀንቱ ጫፍ፣ 1,834 ሜትር ነው። ደጋ ለለመደ ኢትዮጵያዊ ቁጥሩ ላያስደንቅ ይችላል፤ ሸለቆው ግን ጥልቅ ነው፣ መንገዱም ጠመዝማዛ። ማዶ ለማዶ የሚተያዩ ሁለት መንደሮች ቁልቁል ተወርዶ፣ ዳገት ተወጥቶ ነው የሚገናኙት።

በዝግታ የመጓዝ ሐሳብ እንደ እንቅስቃሴ የተነሣው ከጣሊያን የምግብ ክርክር ነው። በ1986 ሮም ውስጥ ማክዶናልድስ ሲከፈት ካርሎ ፔትሪኒና ባልደረቦቹ የጀመሩት ተቃውሞ በ1989 “ስሎው ፉድ” የተባለ ዓለም አቀፍ ማኅበር ሆነ፤ ከዚያ ሐሳቡ ወደ ከተሞች፣ ቀጥሎም ወደ ጉዞ ተዛመተ። በባርባጃ ግን ዝግታ ከማንም መግለጫ አልመጣም፤ የመሬቱ ጠባይ ነው። አውቶቡሱ በቀን የሚመላለሰው ጥቂት ጊዜ ነው፣ እሑድ ደግሞ ይብስበታል። ቀትር ላይ ሱቁ ይዘጋል። በአንድ ቀን አምስት መንደር ልይ ያለ ሰው የሚያየው አምስት የተዘጋ በር ነው። እኔ የምመክረው አንድ መንደር መርጦ ሦስት አራት ሌሊት ማደርን ነው።

ባቡሩም ያው ነው። እንግሊዛዊው ደራሲ ዲ. ኤች. ሎረንስ በጥር 1921 ከካልያሪ ተነሥቶ በማንዳስ በኩል እስከ ሶርጎኖ የሄደው በጠባቡ ሐዲድ ነበር፤ የጉዞ መጽሐፉ በዚያው ዓመት ታተመ። የሐዲዱ ስፋት 950 ሚሊሜትር ነው፤ ጣሊያኖች ከምጽዋ አስመራ የዘረጉትም ይኸው ልክ ነው። ዛሬ “አረንጓዴዋ ባቡር” በሚል ስም ክፍል ክፍሉ በጎብኚ ወቅት ብቻ ይሠራል።

ስለ ምግቡ ግን ረጋ ብዬ ልናገር፤ የአገሩ ታሪክ እዚያ ውስጥ አለና። እረኛው በጎቹን እየነዳ ለወራት ከቤቱ ሲርቅ የሚሰንቀው ፓኔ ካራዛው የተባለውን ቂጣ ነው። ሥራው የጎረቤትና የዘመድ ሴቶች ደቦ ነበር። የማካሮኒ ስንዴ ሊጥ ወረቀት እስኪመስል ይዳመጥና በእንጨት ወደጋለ ምድጃ ይገባል። ወዲያው እንደ ኳስ ይነፋል። ሳይተነፍስ ያወጡትና ዳር ዳሩን በቢላ ቆርጠው ለሁለት ይገነጥሉታል፤ ገጽና ገጹ ተለያይቶ ይደረደራል። ከዚያ አንድ በአንድ ተመልሶ ምድጃ ይገባል፣ ደርቆ ሲነካ እስኪንኮሻኮሽ። ለወራት አይበላሽም። እኛ ድርቆሽ ይዘን መንገድ የምንወጣ ሰዎች ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻንም። ይኸው ቂጣ በመረቅ ርሶ፣ የቲማቲም ስጎ፣ የበግ ወተት ፎርማጆና እንቁላል ሲደረግበት ፓኔ ፍራታው ይሆናል፤ የፍርፍራችን የቅርብ ዘመድ ነው።

ከመንደሮቹ ኦርጎሶሎ በግድግዳ ሥዕሎቿ ትታወቃለች። በ1969 የጦር ኃይሉ በፕራቶቤሎ የጋራ ግጦሽ ላይ የተኩስ ልምምድ ሊያደርግ ሲነሣ ሕዝቡ ሴት ወንድ፣ ሕፃን ሽማግሌ ሳይል ሜዳውን ሞላው፤ ወታደሩም ተመለሰ። በ1975 ፍራንቼስኮ ዴል ካዚኖ የተባለ የሥዕል መምህር ከተማሪዎቹ ጋር ግድግዳዎቹን መሳል ጀመረ፤ ዛሬ ሥዕሎቹ ከመቶ በላይ ናቸው። ፎቶ አንሥቶ መሄድ ይቻላል፤ በሥዕሎቹ ሥር የተጻፈውን አስነብቦ መስማት ግን ግማሽ ቀን ይፈልጋል፣ ይገባዋልም። ጎረቤቷ ማሞያዳ በአውሮፓ አቆጣጠር ጥር 16 ማታ ለቅዱስ እንጦንስ ደመራ ታነዳለች፤ በማግስቱ ማሙቶኔስ የተባሉት ጭምብል ለባሾች ጥቁር የበግ ለምድ ደርበው፣ 30 ኪሎ ገደማ ቃጭል በጀርባቸው ተሸክመው በአንድ እርምጃ ይወጣሉ።

የእነዚህ መንደሮች ሕመም የሰው መመናመን ነው። ወጣቱ ወደ ጠረፍ፣ ወደ ሚላኖ፣ ወደ ጀርመን ይሄዳል። ኦሎላይ የተባለችው መንደር የተተዉ ቤቶቿን ለማደስ ቃል ለሚገባ ሰው በአንድ ዩሮ እስከ መሸጥ ደርሳለች። ከዚህ የተሻለ የሚመስለኝ አሮጌ ቤቶችን ሳያፈርሱ፣ አንዱን ክፍል እዚህ ሌላውን ከሁለት ቤት ማዶ አድርገው እንግዳ የሚያሳድሩበት “የተበታተነ ሆቴል” ነው። እንግዳው ቁርሱን ከአንዱ ጎረቤት፣ ፎርማጆውን ከሌላው ሲገዛ ገንዘቡ እዚያው መንደር ይቀራል።

ከሁሉም በላይ ልቤን የምትይዘው ግን ከገደል ሥር ያለችው ኡላሳይ ናት። በ1970ዎቹ መጨረሻ የመንደሩ ሹም ለጦር ሜዳ ሙታን ሐውልት እንድትሠራ የመንደሩን ተወላጅ ሠዓሊ ማሪያ ላይን ጠየቃት። እሷ ለሕያዋን የሚሆን ነገር እሠራለሁ አለች። ከገደል ሥር በዋሻ ተጠልላ ሳለ በነፋስ የሚበር ሰማያዊ ጥብጣብ አይታ ተከትላ ስትወጣ ከናዳ ስለተረፈች ልጅ የሚነገር የመንደሩ ተረት ነበር፤ መነሻዋ ያደረገችው እሱን ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር መስከረም 8 ቀን 1981 ነዋሪው 27 ኪሎሜትር ሰማያዊ ጨርቅ ከበር ወደ በር፣ ከመስኮት ወደ መስኮት ዘረጋ። ቂም ያለባቸው ቤተሰቦች አንታሰርም ብለው ስለነበር ስምምነት ተደረገ፦ ቂም ባለበት ጨርቁ ዝም ብሎ ያልፋል፣ ወዳጅነት ባለበት ይቋጠራል፣ ፍቅር ባለበት የበዓል ዳቦ ይንጠለጠልበታል። መጨረሻ ላይ ተራራ ወጪዎች ጫፉን ከገደሉ ላይ አሰሩት።

የማሪያ ላይ ሥራዎች ዛሬ የሚታዩት በኡላሳይ በቀድሞው የባቡር ጣቢያ ውስጥ ነው። ባቡር ወደዚያ መምጣት ካቆመ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ከመንደሩ በእግር ይደረሳል።